ማሽኑን ራሴ ገጠምኩት

ማክሰኞ ጠዋት፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን
ከፎቶ ቤቱ የኋላ ክፍል

ለኔው ሰውዬ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ጤናህን ሳልጠይቅህ ከእጅ ጽሑፍህ አነበብኩት፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉም እንደ ድሮው ወፍራም ነው፤ ደህና ነህ ማለት ነው፣ ተመስገን። እኔም ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላው አካሌ አልከዳኝም።

«ፎቶ ቤቱን ወንድሜ ለሚያመጣው ሰው ልቀቂለት፣ ያን የድሮ ዲስክ ቁልል ጣዪውና ወደዚህ ነይ። የሰው ፊት ተሸክመሽ እስከ መቼ?» ብለህ ጽፈሃል። አንብቤ አጠፍኩት። እንደገና ከፍቼ አነበብኩት፤ አልተለወጠም። እንግዲህ መልሴ ይኸው፦ አልለቅም፣ አልጥልም፣ አልመጣምም። ለምን እንደሆነ ግን አንተም የማሽን ሰው፣ የወደብ ክሬን ነጂ ነህና ከሥሩ ልንገርህ። ሻይህን ይዘህ ቁጭ በል፤ ረጅም ነው።

ነገሩ የጀመረው ከአምስት ወር በፊት ነው። አናጢውን ታስታውሰዋለህ፣ መደርደሪያችንን የሠራልን፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለየው። ሞተ። ድንገት ነው የሞተው፤ ጠዋት እንጨት ሲልግ ነበር፣ ምሳ ሰዓት ላይ የለም። ሚስቱ ትንሽ ቆይታ መጣችና «የልጃችንን ሠርግ ያነሳሽው አንቺ ነሽ። እሱ ሲስቅ የተነሳበት አንድ እንኳ ካለ አውጪልኝ። ቤት ያለው የመታወቂያው ብቻ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ የተቆጣ ይመስላል» አለችኝ።

«ተቀመጪ፣ አሁኑኑ አወጣልሻለሁ» ብዬ የዚያን ዘመን ዲስክ ከመሳቢያ አንስቼ ሰካሁት። ጣ አለ። ዝም አለ። ደግሞ ጣ፣ ጣ። ኬብል ቀየርኩ፣ ኮምፒውተር ቀየርኩ፤ ያው ነው። ሴትዮዋ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። በመጨረሻ «እህቴ፣ ጠፍቷል። የዚያ ሦስት ዓመት ሥራ በሙሉ ጠፍቷል» አልኳት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሻርፗን አስተካከለችና «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ዕቃ ነው» ብላኝ ወጣች። እኔን አጽናንታ ወጣች፣ ይታይህ።

ያን ቀን ከሰዓት ፎቶ ቤቱን ዘግቼ መሳቢያዎቹን በሙሉ ወለሉ ላይ ዘረገፍኳቸው። አሥራ ሰባት ዲስክ፣ አንዱ ላይ ያለው ሌላው ላይ የለም። የሃያ ሦስት ዓመት ሥራ፣ እያንዳንዱ በአንዲት ክር ተንጠልጥሏል። «አንድ ፍሬን ብቻ ያለው ክሬን ክሬን አይደለም፣ ወጥመድ ነው» ያልከኝ አንተ ነህ። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ወጥመድ ሥር ቆሜ ነው ሙሽራ ሳነሳ የኖርኩት።

በስልክ ስነግርህ «ኢንተርኔት ላይ ጫኚውና ተገላገዪ» አልከኝ። ሞከርኩ። በዚህ ሰፈር መስመር የአንድ ሠርግ ፎቶ ተጭኖ እስኪያልቅ ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ልጁ ጥርስ ያበቅላል። ደግሞም የቤቴን ዕቃ ሰው ቤት አስቀምጬ በር ላይ ቁልፍ ስለምን መኖር አልፈልግም። «እንግዲያውስ ተገጥሞ የተዘጋጀውን የሰርቨር ሳጥን ግዢ። መገጣጠም ምን ውስጥ ገባሽ? አንቺና ማሽን መቼ ተስማምታችሁ ታውቃላችሁ?» አልክና ሳቅክ። ያን ሳቅ ነው ያልዋጥኩት። ስልኩን እንደዘጋሁ ሦስተኛ ፎቅ ወደ ብሎን ወጣሁ።

ብሎንን አታውቃትም፤ የመጣችው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት፣ ሃምሳን ያለፈች፣ እንደ ሽቦ የቀጠነች። ስትሠራ ብሎኖቹን በከንፈሯ ስለምትይዝ ነው እንዲህ ያሏት። ስታወራም አታወጣቸውም።

«ሰርቨሩን ለምንድን ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ።

«እንዳይጠፋብኝ።»

«ሁሉም እንዲህ ይላል። ምን እንዳይጠፋብሽ?»

«ሰው» አልኳት።

ብሎኖቹን ከአፏ አወጣችና ወንበር ሳበችልኝ።

ሦስት ሳምንት ከሥራ በኋላ እየወጣሁ ተማርኩ። ለካ ሰርቨር የተለየ ጉድ አይደለም። ስክሪን የሌለው፣ ዲስኮቹን አቅፎ ጥግ ላይ የሚቀመጥ፣ በኬብል የጠየቅከውን የሚያቀብልህ ኮምፒውተር ነው። ጉዱ ያለው ዕቃውን መምረጡ ላይ ነው። ብሎን «እኔ አልመርጥልሽም። እኔ ከመረጥኩልሽ ሲበላሽ እኔን ነው የምትጠሪው። ራስሽ ከመረጥሽ ራስሽን ትጠሪያለሽ» አለችኝ። መጀመሪያ ስስታም መሰለችኝ። አልነበረችም።

ገበያ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሱቅ ያለው ሰው ሽበቴን አየና «እማማ፣ ለልጅ ልጅ ነው?» አለኝ። ፎቶ ማስቀመጫ ሰርቨር ልገጥም ነው ስለው ከመስታወቱ ሥር አንድ ዕቃ አውጥቶ «ይኼ ያበራል፣ ቀለም ይቀያይራል» አለ።

«ጓዳ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ለማን ያብራ?» አልኩት። «ፕሮሰሰሩ መለስተኛ ይሁን፤ ፎቶ ማቀበል ጉልበት አይፈልግም። ሚሞሪው ግን ስህተት የሚያርመው ዓይነት ይሁንልኝ።»

«ምን የሚያርም?»

«ስህተት። ፎቶ ወደ ዲስክ ሲሄድ በሚሞሪ ነው የሚያልፈው። እዚያ አንዲት ነጥብ ብትዛነፍ፣ የተዛነፈችውን ነው በሁለት ዲስክ ላይ በጥንቃቄ የሚያስቀምጥልኝ። ውሸትን ሁለት ቦታ መጻፍ ምን ይረባል?»

ሰውየው ከጎኑ ያለውን ባለሱቅ ዘወር ብሎ አየው። «እማማ፣ ማን ነው የላከዎት?»

«ማንም አልላከኝም፣ በእግሬ ነው የመጣሁት» ብዬው ወጣሁ።

ያን ሚሞሪ የሚቀበል ማዘርቦርድ፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ አዲስ አልተገኘም። በስድስተኛው ሱቅ፣ ያንኑ ማዘርቦርድ በሆዱ የያዘ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተወግዶ የመጣ ጥቁር ሳጥን ጥግ ላይ አየሁ፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የከበደ፣ ውስጡ አቧራ እንደ ጥጥ የተጋገረበት። ባለሱቁ ሊያሳየኝ እንኳ አፍሮ ነበር። ብረቱ ወፍራም፣ የዲስክ ቦታው ስድስት፣ አየር የሚገባበት ፊቱ ሰፊ ነው። የሌንስ ማጽጃ ብሩሼን ይዤ ሁለት ቀን ጠረግኩት። ብሎን ወርዳ አየችው፣ ዞረችው፣ በጣቷ ጎኑን መታ መታ አደረገችና «ይኼ ሽማግሌ ይቀብረናል» አለች። ከሷ አፍ ይኼ ምርቃት ነው።

ዲስኮቹ ላይ ነው የተጣላሁት። አንዳንዱ ዲስክ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን መስመር በሌላው ጠርዝ ላይ እየደረበ ነው የሚጽፈው። ቦታ ይቆጥባል። ነገር ግን አንዷን ቆርቆሮ ልቀይር ብትል ከጎኗ ያሉትን ሁሉ ማንሳት አለብህ። አንዱ ዲስክ ሞቶ ሌላው ሲተካ፣ አዲሱ ያለ ዕረፍት መጻፍ ባለበት ሰዓት ይለግማል። ለባለሱቁ «የሚደርበውን አልፈልግም» ስለው «ዲስክ ዲስክ ነው» አለኝ። «ሰውም ሰው ነው፣ ግን ሁሉም ሚስማር አይመታም» ብዬው፣ አስመጪው ጋ ደውሎ እስኪያጣራ ድረስ ከባንኮኒው አልተነቃነቅኩም። ከኋላዬ ሰልፍ ሆነ። ይሁን። ከሱም ሁለት ብቻ ወሰድኩ፤ ሌሎቹን ሁለት ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ገዛሁ። በአንድ ቀን የተወለዱ ዲስኮች በአንድ ቀን ይሞታሉና፣ ከዚህኛው አንዱን ከዚያኛው አንዱ ጋር አጣመድኳቸው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ይጽፋል።

ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ከሁሉ በላይ ጥሩውን ነው የመረጥኩት፤ ርካሹ ሲሞት ብቻውን አይሞትም፣ ጎረቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው። መብራት ሲጠፋ የሚደርስልኝ ባለባትሪ ዩፒኤስም ጨመርኩ። ለዚህ ሁሉ ስል ሁለተኛውን ካሜራዬን ሸጥኩ። አንድ ዓይን ይበቃኛል።

ስገጥመው ማንም አልነካልኝም። መጀመሪያ ሳበራው አልበራም። በማግስቱም አልበራም። በሦስተኛው ቀን ወለሉ ላይ ተቀምጬ አላለቀስኩም ብዬ አልዋሽህም። ከዚያ አንዱ ሚሞሪ በአንድ ጎኑ የሩዝ ፍሬ ያህል ከፍ ብሎ አየሁት። የሚሰበር መስሎኝ በስስት ነበር የነካሁት። በአውራ ጣቴ ስጫነው ቀጭ አለ። ቁልፉን ስነካ ማራገቢያው ተነሳ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም፤ ለግድግዳው «በል እንግዲህ፣ ሳቅ» አልኩት። ለማን እንዳልኩ ታውቃለህ።

አሁን ስለ ወንድምህ ልንገርህ፤ እሱ በራሱ መንገድ ሳይነግርህ አይቀርም። ባለፈው ወር ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ ሜትር የያዘ ሰው አስከትሎ መጣ። አሥራ አንደኛውን የድሮ ዲስክ ወደ ሰርቨሩ እየቀዳሁ ነበር።

«እትዬ፣ ወንድሜ ፈቅዷል። ሰውየው ክፍሉን ለክቶ ይሂድ» አለኝ።

«የኪራይ ውሉ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?»

«እሱማ ያንቺ ነው፤ ቢሆንም…»

«ቢሆንም የለውም።»

ወንድምህ እንደምታውቀው የሚባለውን አይሰማም። «ይኼ ሳጥን ብቻ ይነሳ፣ ግድግዳውን ከልሎታል» እያለ ጎንበስ አለና ኬብሉን ከግድግዳው ነቀለው። እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩበትም። ዩፒኤሱ ጢጥ፣ ጢጥ አለ። ሰርቨሩ ግን አልጠፋም። ማራገቢያው ይዞራል፣ የዲስኮቹ መብራት ይርገበገባል፣ ቅጂው ይቀጥላል። ወንድምህ በእጁ ያለውን ኬብል አየ፣ ማሽኑን አየ፣ ደግሞ ኬብሉን አየ።

«ለምን አይጠፋም?»

«አንተ ፈቅደህለት አይደለም የበራው» አልኩት።

ኬብሉን ከእጁ ወስጄ መለስኩና ወንበሬን ማሽኑ ፊት አድርጌ ተቀመጥኩበት። ሜትር የያዘው ሰው «እመቤቴ፣ እኔ ባዶ ክፍል ነው የተባልኩት» አለኝ።

«ባዶ አይደለም። ስድስት ሺህ ሰው አለበት።»

ሰውየው ጨዋ ነው። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፊቶች አንድ በአንድ አየና ሜትሩን ጠቀለለው። «ሰው ያለበትን ቤት አልለካም» ብሎት ወጣ። ወንድምህም ተከተለው። በሩ ላይ ዞር ብሎ «አብደሻል» አለኝ። ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አናጢው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም ነበር። በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ «ከዚህ ቤት የተነሳችሁት ፎቶ በፍላሽም፣ በስልክም፣ በወረቀትም ካላችሁ አምጡልኝ፤ ቀድቼ ወዲያው እመልሳለሁ።» የሚመጣ አልመሰለኝም። መጡ። ጫማ ካርቶን ሙሉ ያመጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ያመጡ መምህርት፣ ባሏን ከፈታች በኋላ የሠርጓን ፎቶ ግማሹን በመቀስ የቆረጠች ነርስ፤ «የኔን ወገን ቅጂልኝ፣ የሱን ወገን ድመቷ በልታዋለች» አለችኝ። የጠፋው የሦስት ዓመት ሥራ ግማሽ ያህሉ በዚህ መንገድ ተመለሰ።

የሹፌሩ ካርቶን ውስጥ የአጎቱ ልጅ ሠርግ ነበር። ሙሽራዋ ኬክ ትቆርሳለች። ከኋላዋ፣ በሁለተኛው ረድፍ፣ አናጢው አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስቃል። ሙሉ ልብስ ለብሶ እንኳ እርሳሱ ጆሮው ላይ ነው። ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አላየሁትም ነበር። ቆርጬ አሳደግኩት፣ አተምኩት፣ ይዤላት ሄድኩ። ሚስቱ መስኮቱ ጋ ወስዳ ብዙ ቆየች። «ይኼ ሳቅ ድምፅ አለው» አለች።

ይኼን ሁሉ ስትሰማ «በቃ፣ እልኋን ተወጥታለች» ትል ይሆናል። አልጨረስኩም። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ፎቶ ቤቱን ስከፍት ማሽኑ ቀይ መብራት አብርቷል። ካራቱ ዲስኮች አንዱ ሞቷል፤ ገና አዲስ ሆኖ ሞተ። ማድረግ ያለብኝን አውቀዋለሁ፦ የሞተውን ማውጣት፣ አዲስ ማስገባት፣ ጥንዱ ያለውን ሁሉ እስኪያቀብለው መጠበቅ። ሠራሁት። እስከ ከሰዓት ድረስ ቁጥሩ ሲጨምር እያየሁ ከወንበሬ አልተነሳሁም፤ ሁለት ደንበኛ መለስኩ። አንዲት ፎቶ አልጎደለችም። የሚደርበውን ዓይነት ገዝቼ ቢሆን፣ ወይም ሁለቱን ከአንድ ካርቶን አንስቼ ቢሆን ምን እንደሚሆን ብሎን ነግራኛለች፤ አልደግመውም።

ነገር ግን ያን ሁሉ ሰዓት ቁጭ ብዬ ሳይ ስለ ሙሽሮች አልነበረም የማስበው።

ልጃችንን ቀብረን በተመለስን በሦስተኛው ሳምንት፣ እዚሁ ክፍል፣ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠህ «አጥፊልኝ። አንዲት እንዳትቀር። ባየኋት ቁጥር እንደገና ነው የምትሞትብኝ» አልከኝ። እኔም «አጠፋሁ» አልኩህ። ከዚያ ለሁለት ዓመት ብለህ ወደ ወደቡ ሄድክ፤ ይኸው ስድስተኛው ነው።

አላጠፋሁም።

በአንድ ዲስክ ላይ፣ በሷ ካልሲ ጠቅልዬ፣ ከአልጋዬ ሥር አስቀምጬ ነበር። ስድስት ዓመት በአንዲት ክር። የአናጢው ሚስት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ዲስኩ ጣ ሲል፣ እኔ የሰማሁት የሌላኛውን ዲስክ ድምፅ ነው። ያን ሁሉ ሱቅ ያዞረኝ እሱ ነው። ወደ ሰርቨሩ መጀመሪያ የገባችው እሷ ናት፤ ከሙሽሮቹ ሁሉ በፊት። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ፎቶና አሥራ አንድ ቪዲዮ። በአንደኛው ያንተን የሥራ ቆብ እስከ አፍንጫዋ አጥልቃ፣ እጇን ዘርግታ «ክሬን ነኝ፣ ወዲያ በሉ» ትላለች። አንተ ከኋላ ትስቃለህ። ያ ደግሞ ሌላው ሳቅህ ነው።

ይቅርታ አልጠይቅህም። ሐዘንህ ያንተ ነው፣ እንዴት እንደምትይዘው አላዝህም። ልጅቷ ግን የሁለታችንም ናት፤ የኔን ድርሻ አንተ ልታስጠፋ አትችልም። ነገ መጥተህ እዚህ ቆመህ ብታዘኝም አልችልም፤ ሌላ ቅጂ እህቴ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ይኼንን ክፍል የማልለቀው ለዚህ ነው። እሷ የሮጠችበት ወለል ነው፤ ካንተ ጋ ያለው ቤት ስንት ክፍል እንዳለው ጽፈህልኛል፣ በአንዱም አልሮጠችም።

አሁን አንድ የመጨረሻ ነገር። ይኼ ማሽን ሩቅ ያለ ሰው በስምና በፓስዎርድ እንዲገባበት ማድረግ ይቻላል። ብሎን አሳየችኝ፣ ራሴ ሠራሁት። ላንተ አንድ በር ከፍቻለሁ፤ የሷ ፎልደር ብቻ ነው የሚታይህ፣ ማየት እንጂ ማጥፋት አይፈቅድልህም። አድራሻው ከዚህ ጋር ባለው ቁራጭ ወረቀት ላይ አለ። የመግቢያ ስምህ «አባቷ» ነው። ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ አላሰፍርም፤ ትከሻህ ላይ እንድትሰቅላት ስትፈልግ የምትጠራህ ስም ነው። ካንተና ከኔ በቀር በዚህ ምድር የሚያውቀው የለም።

ግባ አልልህም። አትግባም አልልህም።

ያ ወደብ ነፋሱ ይለዝብልህ። ከፍታ ላይ ስትወጣ ፈጣሪ ከእግርህ በታች እጁን ይዘርጋልህ፤ ስትወርድም ደህና መሬት ይቀበልህ። ሹራቡን ከወንድምህ ጋር እልካለሁ፣ ከታረቅን።

ሚስትህ፣
ባለ ፎቶ ቤቷ

ማሳሰቢያ፦ ማሽኑ ማን መቼ እንደገባ ይመዘግባል። ጠዋት ጠዋት ፎቶ ቤቱን ስከፍት፣ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ መጀመሪያ የማየው ያንን መዝገብ ነው። ለዲስኮቹ ጤና ብዬ ነው።